ሴራ፣ መቼት፣ ጭብጥ፣ ቀለም… ተማሪዎች ትርጉሙን ያውቁታል፣ ጽሑፉ ላይ ግን አያገኙትም

ከሳቢያን_አንባቢ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ድሬዳዋ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ የንባብ ክበብ አለን። አብዛኞቹ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። «መቼት ምንድን ነው?» ሲባሉ «ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ» ብለው እንደ ውሃ ይወርዱታል። ጽሑፍ ተሰጥቷቸው «እስቲ አሳዩ» ሲባሉ ግን ዝም። ጭብጥ ሲጠየቁ አንዱ «ፍቅር»፣ ሌላው «ድህነት» ብሎ ይቀመጣል።

ለውይይት እንዲመች ከተማሪዎቹ አንዱ የጻፈውን አጭር ልቦለድ ላሳጥርላችሁ። ተራኪዋ ሰሚራ ናት፤ «እኔ» እያለች ነው የምታወራው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ሸራ አንጥፋ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። እናቷን ሐኪም ቤት ማድረስ ስላለባት ወንድሟ ነስሩ አመሻሽ ላይ ዕቃውን በጋሪ እንዲያነሳላት ታስምለዋለች። ቀኑ ፀሐይ ነው። ከላይ ከደንገጎ ተራራ የወረደ አንድ አይሱዙ ብቻ ጎማው ጭቃ ይዞ ያልፋል። ነስሩ በረጫ (የጫት ጨዋታ) ላይ ቁጭ ብሎ ሰዓቱ ያልፍበታል («ነገ እክሳታለሁ ብሎ አሰበ» ይላል ጽሑፉ)። ማታ ጎርፍ መጥቶ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል። ሰሚራ ስትመለስ «የት ነበርክ?» ትለዋለች፣ መልስ የለም። በነጋታው እዚያው ቦታ ሸራዋን ስታነጥፍ ነስሩ ጋሪ እየገፋ ይመጣል። «ተወው፣ እኔው እገፋዋለሁ» ትለዋለች። እዚህ ላይ ያበቃል።

ጥያቄዎቼ፦ ታሪክና ሴራ እንዴት ይለያያሉ? የዚህ ጽሑፍ ጡዘት የቱ ነው? ጭብጡን እንዴት ያውጡት? በግጥም በኩል ደግሞ ቀለም አቆጣጠር ላይ ሁሌ ይጣላሉ። በመጨረሻም ይህንኑ ልቦለድ ለወላጆች ቀን ተውኔት ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ከየት ይጀምሩ?

እህታችሁ ከሳቢያን

ቀይ_እስክሪብቶ

እህቴ፣ ልጆቹ ጥሩ ጽሑፍ ነው ይዘውልሽ የመጡት። ስህተቱም ጭምር ለማስተማሪያ ይሆናል።

ታሪክ ማለት ድርጊቶቹ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ነው፤ ይህ ሆነ፣ ከዚያ ይህ ሆነ። ሴራ ደግሞ ድርጊቶቹን በምክንያትና ውጤት ያሰረው ገመድ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ይህን ልዩነት «ከዚያስ?» እና «ለምን?» በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው የለየው፤ የመጀመሪያው ታሪክን፣ ሁለተኛው ሴራን ይጠይቃል። በተግባር እንዲህ አድርጊ። ተማሪዎቹ ድርጊቶቹን በየብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፣ አንድ ድርጊት በአንድ ወረቀት። በሁለት ወረቀቶች መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ማስገባት ከቻሉ ሴራ አለ። «ከዚያ» ብቻ ከሆነ የሚገባው ታሪክ ብቻ ነው። «ነስሩ በረጫ ላይ ዘገየ፣ *ስለዚህ* ዕቃው አልተነሳም» ይሄዳል። «ጎርፍ መጣ» ግን ከነስሩ ድርጊት ጋር በ«ስለዚህ» አይያያዝም፤ ሰው ስለዘገየ ዝናብ አይዘንብም። እዚህ ላይ ሴራው ላላ እንዳይል የያዘው ያ ጭቃ የነካው አይሱዙ ነው። ይህን «ንግር» እንለዋለን፣ ኋላ የሚመጣውን ቀድሞ በትንሹ መጠቆም። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ላይ ስለዘነበ ብቻ ጎርፍ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጎማውን ሲያይ ይገባዋል። ለማያውቅ አንባቢ ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ መኪና ነው። ስለዚህ ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር አይጎዳውም፣ ለምሳሌ አንዲት ቸርቻሪ ጎማውን አይታ ሸራዋን ቀደም ብላ ብትጠቀልል። ከአንድ በላይ ከሆነ ግን ንግር መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል።

የትረካ አንጻሩ ላይ ያለው ስህተት ይኸውልሽ። ተራኪዋ ሰሚራ ናት፣ አንደኛ መደብ። ሐኪም ቤት ሆና ነስሩ በረጫ ላይ «ነገ እክሳታለሁ ብሎ አሰበ» ልትል አትችልም። አንደኛ መደብ ተራኪ ያየችውን፣ የሰማችውንና የገመተችውን ብቻ ነው የምትነግረን። መውጫው ሁለት ነው። ወይ ትረካው በሦስተኛ መደብ ሁሉን አወቅ ይሁንና ወደ ሁለቱም ልብ ይግባ፣ ወይ ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣና ሰሚራ ኋላ ከሰው ትስማው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የነስሩን ሐሳብ ካላወቅን «የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። ተማሪዎቹ እንዲፈትሹት የሐሳብ ግሦችን ሁሉ ያስምሩባቸው፦ አሰበ፣ ፈራ፣ ተመኘ፣ ቆረጠ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ «ተራኪዋ ይህን በምን አወቀች?» ብለው ይጠይቁ።

መቼት ላይ «ጊዜና ቦታ» ብሎ ማቆም ነው ችግሩ። ፈተናው ማዛወር ነው። ይህን ልቦለድ ከደቻቱ ዳር አንስተሽ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ብታስቀምጪው ይፈርሳል፣ ከክረምት ወደ ጥር ብታዛውሪውም ይፈርሳል። እንግዲያው መቼቱ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የሐኪም ቤቱ ስም ቢቀየር ግን ምንም አይጎድልም፤ እሱ ጌጥ ነው። መቼት ውስጥ የኑሮ ሁኔታም ይገባል። ዕቃዋን የምታሳድርበት መጋዘን የሌላት ቸርቻሪ መሆኗ ከወንዙ እኩል የመቼቱ አካል ነው።

ግጭት። ልጆች ጎርፉን አይተው «ሰው ከተፈጥሮ» ይላሉ። ጎርፉን አውጡትና ዕቃው በሌባ ይሰረቅ በሉ። ሴራው ቢለወጥም ግጭቱ አሁንም ይቆማል፤ ነስሩ ቃሉን ባይበላ ግን የሚቀር ነገር የለም። ዋናው ግጭት ሰው ከሰው ነው፣ በነስሩ በኩል ካየነው ደግሞ ሰው ከራሱ። ጎርፉ ግጭቱን ያፈነዳው እንጂ ግጭቱ ራሱ አይደለም።

በዚሁ ሂሳብ ጡዘቱ ለእኔ ጎርፉ ሳይሆን «የት ነበርክ?» የሚለው ቦታ ነው። ጡዘት የጩኸት ብዛት አይደለም፤ ከመጀመሪያ አንሥቶ የተሰቀለው ጥያቄ የሚቆረጥበት ነጥብ ነው። የተሰቀለው ጥያቄ «ነስሩ ሊታመን ይችላል ወይ?» የሚል ነው፣ ዝምታው ይመልሰዋል። «እኔው እገፋዋለሁ» ልቀቱ (የግጭቱ መፍቻ) ነው።

ጭብጥን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ አስይዣቸው፦ ጭብጥ በአንድ ቃል አይነገርም፣ ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን። «ድህነት» ርዕሰ ጉዳይ ነው። ስለ ድህነት ምን ተባለ? «የእጅ ወደ አፍ ኑሮ ላለው ሰው የአንድ ምሽት ቸልተኝነት የንብረት ብቻ ሳይሆን የእምነት ኪሳራ ነው» ብትይ ጭብጥ ሆነ። ከዚያ ማረጋገጫ ይጥቀሱ፣ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ አንዱ ከመጨረሻው ይሁን። መጨረሻው የማይደግፈው ጭብጥ የአንባቢው ምኞት ነው። ሌላው ወጥመድ ምሳሌያዊ ንግግር ነው። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ብሎ መጻፍ ይቀናቸዋል፤ እሱ ለሺህ ልቦለድ ይሆናል፣ የሰሚራን መልሶ ጋሪ መግፋት ግን አይነካውም።

ጀጎል_ውስጥ

ቀይ እስክሪብቶ አብዛኛው ላይ እስማማለሁ፣ ጡዘቱ ላይ ግን አይ አቦ። የድርጊቱን አካሄድ እንደ ተራራ ሥሎ ያስተማረው ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ ነው፣ በ1863 እ.ኤ.አ.፤ ያንን የሠራውም ባለ አምስት ገቢር (ዋና ክፍል) ተውኔትን አይቶ ነው። በእሱ አሳሳል ጡዘት መካከል ላይ የሚገኝ መታጠፊያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ኋላ አይመለስም። እዚህ የማይመለሰው ነገር የትኛው ነው? ጎርፉ ነው። «የት ነበርክ?» ስትለው ቢያለቅስና ይቅርታ ቢጠይቅ ዕቃው ይመለሳል እንዴ? ለእኔ ጎርፉ ጡዘት፣ ጥያቄው ቁልቁለቱ ነው። ለተማሪዎቹ ግን ከሁለቱ አንዱን መልስ ስህተት ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም። ሁለቱም ማስረጃ ከጠቀሱ ሙሉ ነጥብ ይሰጣቸው፤ ያለ ማስረጃ «ጎርፉ ነው» ያለው ግን ግማሹን ያጣል።

መቼት ላይ ከሐረር አንድ ልጨምር። መቼት ገጸ ባሕርይን ሳይናገሩ ማሳያ መሣሪያ ነው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባዎቹ (የመቀመጫ መደቦቹ) ከፍና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ የታወቀ ሥርዓት አለው፣ አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። ደራሲው «አብዱ ኩሩ ነበር» ከሚል ይልቅ ወጣቱ አብዱ ሽማግሌዎች ባሉበት ገብቶ አሚር ነደባ ላይ ዘና ብሎ ሲቀመጥ ቢያሳየን አለቀ። የመጀመሪያው ገለጻ ነው፣ ሁለተኛው ድርጊት። ተማሪዎቹ ከጽሑፉ አንድ አንድ ገጽ ወስደው የገጸ ባሕርዩን ጠባይ በደራሲው ቃል የተነገረውን በአንድ ቀለም፣ በድርጊት ወይም በምልልስ የታየውን በሌላ ቀለም ያስምሩ። የመጀመሪያው ቀለም ገጹን ከሞላው ጽሑፉ ለምን እንደ ዘገባ እንደሚነበብ በዓይናቸው ያያሉ።

ነስሩንም ጠይቁት። ሲጀምርና ሲጨርስ አንድ ሰው ነው? መጨረሻ ላይ ሳይጠራ ጋሪ ይዞ መምጣቱ ሌላ ገጽታ ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ባለ አንድ ገጽታ ገጸ ባሕርይ አይደለም። ያቺ ሸራዋን ጠቅላይ ቸርቻሪ ብትጨመር ግን አንድ ሥራ ብቻ ሠርታ የምትወጣ ንዑስ ናት፣ ስም እንኳ አትፈልግም።

ስንኝ_ቆጣሪ

የቀለሙን ጉዳይ ለእኔ ተዉት።

ልጆቹ የሚጣሉት ፊደል ስለሚቆጥሩ ነው። ቀለም ፊደል አይደለም፣ በአንድ የአፍ ምት የሚወጣ ድምፅ ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው ሳድስ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይነበባል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ይዘጋል። ለዚሁ ሲባል በዚያው በደቻቱ ላይ አንድ ቤት ልጻፍ፦

ደቻቱ ዝም ብሎ / አሸዋ ይለብሳል፤
ደንገጎ ሲጠቁር / ተነስቶ ያገሳል።

እየቀነጠሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ደ–ቻ–ቱ–ዝም–ብ–ሎ። ፊደሉ 7፣ ቀለሙ 6። «ዝም» ውስጥ «ም» ስትዘጋ ለብቻዋ አትቆጠርም፤ የ«ብሎ» «ብ» ግን አናባቢ ስላላት ተቆጠረች። አ–ሸ–ዋ–ይ–ለብ–ሳል፣ ፊደሉ 8፣ ቀለሙ 6። ሁለተኛው ስንኝ፦ ደን–ገ–ጎ–ሲ–ጠ–ቁር፣ ተ–ነስ–ቶ–ያ–ገ–ሳል። እንደገና 6 እና 6። የመጀመሪያው ስንኝ 15 ፊደል፣ ሁለተኛው 16 ፊደል አለው፣ ጆሮ ግን እኩል ይሰማቸዋል፤ ሁለቱም 12 ቀለም ናቸውና። በእያንዳንዱ ቀለም ጠረጴዛ መምታት በቂ ነው፣ ጠብ አያስፈልግም።

እግረ መንገዱን ስሞቹም እዚሁ አሉ። ከዕዝባር ወዲህና ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ግማሽ ሐረግ ነው። ሙሉው መስመር ስንኝ ነው። ስንኞች በርከት ብለው አንድ ሐሳብ ይዘው ሲቆሙ አንጓ ወይም አርኬ ይባላሉ። 6 በ6 የሚሄደው የወል ቤት ነው። 5 በ5 ከሆነ ሰንጎ መገን፣ 4 በ4 ከሆነ ቡሄ በሉ። ያንኑ ሐሳብ በሰንጎ መገን፦

ደቻቱ ዝም ነው / አሸዋ ለብሶ፤
ደንገጎ ሲዘንብ / ይመጣል ደርሶ።

አንድ ቀለም ከየሐረጉ ስትቀንሱ ፍጥነቱ እንዴት እንደተለወጠ አስተውሉ። የወል ቤቱ ረጋ ይላል፣ ይሄኛው ይቸኩላል። ተማሪ «ምት» የሚለውን ቃል በትርጉም ከምታስይዙት ይልቅ ሁለቱን አከታትሎ ያንብባቸው።

ቤት መምታት ላይ፦ አማርኛ ግሥን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ሁለት ስንኝ በ«ል» መጨረስ ምንም ብልሃት አይጠይቅም። የመጀመሪያውን ስንኝ «ተኝቶ ይታያል» ብዬ ብጨርሰው ከ«ያገሳል» ጋር ቤት መታ ይባል ይሆናል፣ ግን ደካማ ነው፤ የገጠሙት የግሡ ማሠሪያዎች ብቻ ናቸው። «ይለብሳል» እና «ያገሳል» ግን ከነተነባቢው «ሳል» እና «ሳል» ስለሚገጥሙ ጆሮ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ወጥመድ ቀለም ለመሙላት «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «ያው» መሰግሰግ ነው። ቃሉን አውጥታችሁ ሐሳቡ ካልተነካ ሽንቁር መድፈኛ ነበር። ሦስተኛው የቃል ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። እኔም «ደርሶ ይመጣል» የሚለውን «ይመጣል ደርሶ» አድርጌዋለሁ፣ ግጥም ይፈቅደዋል። በየስንኙ ከሆነ ግን ሰውዬው ለቤት ሲል እንጂ ለሐሳብ ሲል እንዳልጻፈ ይታወቅበታል።

ዘይቤውን በአንድ ቃል ስም ለመስጠት አትቸኩሉ። «አሸዋ ይለብሳል» ሰውኛ ነው፤ መልበስ የሰው ነው። «ያገሳል» ግን ሰውኛ አይደለም፣ እዚህ ማግሳቱ የአውሬ ጩኸት ነው፤ ወንዙ አውሬ ሆኗል፣ ስለዚህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። «እንደ አንበሳ ያገሳል» ቢል «እንደ» ስለገባች ተነጻጻሪ ይሆናል። «አንተ ደቻቱ፣ ምነው ዝም አልክ?» ብሎ ወንዙን እንደሚሰማ ሰው ቢጠራው እንቶኔ። ሰምና ወርቅን ለሌላ ቅዳሜ አቆዩት፣ ኅብረ ቃሉን (ሁለት ትርጉም የያዘውን ቃል) መፈለግ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላል።

ከሳቢያን_አንባቢ

ተባረኩ። ስንኝ ቆጣሪ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ «ሲዘንብ» ላይ ሁለት ተማሪዎች አሁንም ሦስት ቀለም ነው ይላሉ፣ ሲ–ዘን–ብ። ተውኔቱን በተመለከተስ የሚያውቅ የለም? ጎርፉን መድረክ ላይ ምን እናድርገው?

ስንኝ_ቆጣሪ

ልጆቹ ጆሮ አላቸው። ሐረጉ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ «ዘንብ» ተዘግቶ በአንድ ቀለም ይነበባል፣ ሲ–ዘንብ። ወዲያው በተነባቢ የሚጀምር ቃል ቢከተለው፣ ለምሳሌ «ሲዘንብ ግን» ቢባል፣ «ብ» ትከፈትና ሲ–ዘን–ብ–ግን ይሆናል፤ ያኔ እነሱ ያሉት ልክ ነው። ለዚህ ነው ቃልን ነጥሎ ሳይሆን ሐረጉን ሙሉ አንብቦ መቁጠር የሚያስፈልገው።

ገቢር_አንድ

ተውኔት የሚነበበው ጽሑፍ ነው፣ ቴአትር መድረክ ላይ የሚታየው። ልጆቹ አሁን የሚሠሩት የመጀመሪያውን ነው፣ ግን እያንዳንዱን መስመር ሁለተኛውን እያሰቡ ይጻፉት።

ለወላጆች ቀን አንድ ገቢር ይበቃል፣ ሦስት ትዕይንት። ትዕይንት የሚቀየረው ቦታ ወይም ጊዜ ሲቀየር ነው። የመጀመሪያው ደቻቱ ዳር ከሰዓት፣ ሁለተኛው የበረጫው ቤት ማታ፣ ሦስተኛው እንደገና ደቻቱ ዳር በነጋታው። ሐኪም ቤቱን መድረክ ላይ አታውጡት፤ አልጋና ነጭ ጋወን ፍለጋ ጊዜ ያልቃል፣ ለግጭቱም አይጨምርም። «እማን ላደርሳት ነው» የሚል አንድ ቃለ ተውኔት ይበቃዋል።

ጎርፉ አይታይም፣ ይሰማል። ሁለተኛው ትዕይንት ውስጥ ሰዎቹ ይጫወታሉ፣ ከሩቅ ድምፅ ይጀምራል። የሚይዘው ተመልካቹን ነው፤ የጭቃማውን ጎማ ወሬ በመጀመሪያው ትዕይንት ሰምቷል፣ ነስሩ ግን ልብ አላለውም። ተመልካች የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይ ሳያውቅ ሲቀር ድራማዊ ምጸት ይባላል፣ ልብ ሰቀላውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አይሱዙውን በቃል ማስነገር ግዴታ ነው፣ መድረክ ላይ መኪና አይነዳም። አንዱ ቸርቻሪ «ይሄ ሰውዬ ጭቃውን ከየት አመጣው?» ይበል፣ ማንም አይመልስለት፣ ጨዋታው ይቀጥል። ከዚያ ድምፁ ከፍ ሲል አንድ ልጅ እስከ ጉልበቱ ርሶ ይግባና ሳይናገር ይቁም። መብራቱ ይጥፋ።

የመድረክ መግለጫ ላይ ተማሪዎች ሁሌ ይሳሳታሉ። «(ነስሩ በጣም ተጸጽቶ፣ ያለፈውን እያሰበ ይገባል)» ብለው ይጽፋሉ። መጸጸት አይታይም። ተዋናዩ የሚሠራውን ጻፉለት፦ «(ነስሩ ባዶ ጋሪ እየገፋ ይገባል። ሰሚራ ጋ ሳይደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። የጋሪውን እጀታ አይለቅም።)» በቅንፍ የገባው ነገር በዓይን ካልታየ ወይም በጆሮ ካልተሰማ ይሰረዝ።

የሰሚራ የውስጥ ሐሳብ ልቦለዱ ውስጥ «እኔ» ስለምትል በነፃ ይፈስስ ነበር፣ እዚህ ያ በር ይዘጋል። ወይ ለብቻዋ ትናገራለች፣ ወይ ለሌላ ሰው ትነግራለች፣ ወይ በድርጊት ትገልጠዋለች። ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ይወዱታልና ሁለት ገጽ መነባንብ ይሰጧታል፤ አዳራሹ ያኔ ማውራት ይጀምራል። ከአምስት ስድስት መስመር አይለፍ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ምልልሱም አጭር ይሁን፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ሌላው የሚያውቀውን ነገር እንዳይነግረው ጠብቁ። «ወንድሜ ነስሩ ሆይ፣ እንደምታውቀው እናታችን ታማለች» የሚል እህት ድሬ ውስጥ አትገኝም። «አቦ ነስሩ፣ ማታ ዕቃውን እንዳትረሳ፣ ወላሂ በል!» ትላለች፤ እናትየው መታመሟ ከችኮላዋ ይታወቃል።

ሲጨርሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡት። ንባቡ 15 ደቂቃ ከወሰደ መድረክ ላይ ከዚያ ይረዝማል፤ መግቢያ፣ መውጫና ዝምታ ጊዜ ይበላሉ። የተሰጣችሁ ሰዓት 20 ደቂቃ ከሆነ ጽሑፉን 15 ላይ አቁሙት። መቁረጥ ካስፈለገ ከሁለተኛው ትዕይንት ቁረጡ፣ የበረጫ ጨዋታ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። ጀጎል ውስጥና ቀይ እስክሪብቶ በጡዘቱ የተከራከሩትን ደግሞ አዘጋጁ ይወስነው። ጎርፉ ነው ካለ ድምፁንና መብራቱን እዚያ ያከማቻል። «የት ነበርክ?» ነው ካለ ደግሞ ከጥያቄው በኋላ ተዋናዮቹ በልባቸው እስከ አምስት ቆጥረው ዝም ይበሉ፤ ልምምድ ላይ ሦስት ላይ ሳይደርሱ ይቸኩላሉና አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ይቁጠርላቸው።